የአንቀልባው ብረት

ባሌ ኡዘይር ደረቅ ሰው ነው። ደረቅ ስላችሁ ክፉ ማለቴ አይደለም፤ እውነት ካፉ ከወጣች ማንንም አይቶ አይመልሳትም ማለቴ ነው። ሰው የተሰበረ ዕቃ ይዞ ይመጣና "ኡዘይር፣ ይሠራልኛል?" ይለዋል። ሌላ ባለሙያ ቢሆን "አብሽር፣ ነገ ና" ብሎ ይቀበላል። የኔው ጉድ ግን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አይቶ "አይሠራም፣ አትልፋ፣ አዲስ ግዛ" ብሎ ይሸኘዋል። ወላሂ ስንቱን ደንበኛ አባሮብኛል! አንድ ኢድ አዲስ ቀሚስ ለብሼ "እንዴት ነኝ?" ብለው "ትከሻው ላይ ሰፍቶሻል" አለኝ። ኢድ ሙባረክ እንኳ ሳይለኝ። ያን ቀን እስከ ማታ አላናገርኩትም፤ እሱ ግን ለምን እንደተቆጣሁ እንኳ አልገባውም።

ቤታችን ቡራዩ ነው፤ ከአምቦ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ከፊት ለፊት እኔ ሬሐና ስኳርና ሳሙና የምሸጥባት ሱቅ አለች፤ ከኋላ በቆርቆሮ የተከለለች የኡዘይር የሥራ ክፍል አለች። አጥራችን ከኦቦ ዲሪርሳ ማሳ ጋር ይገናኛል። ኦቦ ዲሪርሳ ድንችና ጎመን የሚያመርቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ "አካም ቡልቴ ሬሐና?" ሲሉኝ እኔም በተሰባበረ ኦሮምኛዬ እመልሳለሁ፤ እሳቸውም ይስቁብኛል።

ኡዘይር ዕድሜውን ሙሉ በሰው ቶርኖ ላይ የሠራ ሰው ነው። ለማታውቁት፣ ቶርኖ ብረቱን ነክሶ ያሽከረክራል፤ ሰውየው ስለቱን ሲያስጠጋበት ብረቱ እንደ ካሮት እየተላጠ ቅርጽ ይይዛል። የራሱ ቶርኖ እንዲኖረው ሲመኝ ስንት ዓመት! በሁለት ሺህ ሰባት ፉሪ አካባቢ ከተዘጋ ጋራዥ ውስጥ፣ ከጣሊያን ዘመን የቀረ አንድ ዝገት አገኘሁ ብሎ እየበረረ መጣ። ሄጄ ሳየው ዶሮ ውስጡ እንቁላል ጥላለች። "ይኼን ነው የምትገዛው?" ብለው "አልጋው አልተጣመመም፣ ሬሑ" አለኝ። አልጋ የሚለው ስለቱ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ነው። የእኛ አልጋ እግሩ ተሰብሮ በድንጋይ ተደግፎ ቆሞ እሱ የቶርኖ አልጋ ያሳስበዋል!

የጫነው መኪና በጭቃው ምክንያት እሰፈራችን መግባት አቃተው። ኦቦ ዲሪርሳ ሁለት በሬዎቻቸውን ጠምደው፣ ከሥሩ ግንድ እየተነጠፈለት፣ ያን የአንድ ቶን ጉድ እስከ ግቢያችን ጎተቱልን። በሬዎቹ አረፋ ደፈቁ። "ኡዘይር፣ ይኼ ነገር አንድ ቀን ካልዞረ በሬዎቼ ይረግሙሃል" አሉት። እሱም "ይዞራል፣ ግን መቼ እንደሆነ አላውቅም" አላቸው። እንደሱ ነው።

ሁለት ዓመት ፈጀበት። ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር እዚያ ይገባል። ዝገቱን በነጭ ጋዝ እየነከረ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው። አንድ ጥርስ የወለቀበት ማርሽ ነበር፤ በነሐስ በይዶ ጥርሱን በሞረድ፣ በእጁ፣ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ሞረደው። ድሮ በጣሪያ ላይ በተዘረጋ ጠፍር ነበር የሚዞረው፤ እሱን አውጥቶ ከአሮጌ ወፍጮ የተነሣ ሞተር ከሥሩ አስገባለት፣ ቺንጋ በሚሉት የጎማ ቀበቶ አያያዘው። እኔ ጣውንቴ እያልኩ እጠራው ነበር። "ዛሬስ ከጣውንቴ ጋር አመሻችሁ?" ስለው ይስቃል። መቅናቴን ግን አልደብቅም። ልጃችን ሩዋይዳ "አባዬ ከማሽኑ ጋር ያወራል" ስትለኝ እውነትም ቆሜ ሰማሁት፤ ያወራል።

ዘመኑ ግን እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት የሚሰጥ አልነበረም። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ወደኛ ሊሰፋ ነው ተባለ። ኦቦ ዲሪርሳ ማሳቸው ካርታ ላይ ሌላ ቀለም ተቀብቷል ሲባል ሰምተው እንቅልፍ አጡ። መንገዱ ዛሬ በድንጋይ ይዘጋል፣ ነገ ይከፈታል፤ ተኩስ ስንሰማ ሱቄን ዘግቼ ሩዋይዳን አልጋ ሥር አስገባታለሁ። ከቢሾፍቱው የኢሬቻ ሐዘን በኋላማ፣ በሁለት ሺህ ዘጠኝ መስከረም ማለቂያ፣ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀና ወታደር በየኬላው ቆመ። ወንድ ከታክሲ እየወረደ እጁን ሰቅሎ ይፈተሻል፣ ስልኩ ይበረበራል። የማንም ጎረቤት ባል ወጥቶ በሰዓቱ ካልተመለሰ ሴቱ በሙሉ በር ላይ ይቆማል።

ለቶርኖው የቀረችው አንዲት ነገር ነበረች፤ ዋናው ዘንግ። ሁሉን ነገር የሚያዞረው እሱ ነው። ተበልቶ ስለነበር ተክለ ሃይማኖት ሠፈር አንድ የብረት ሥራ ቤት ወስዶ ሊያስፍቀው ሰጥቶ ነበር። ኅዳር ላይ አልቋል ብለው ደወሉ። አሁን ስሙኝ፤ ይኼ ዘንግ ከክንድ ትንሽ ይረዝማል፣ ድቡልቡል ነው፣ መሐሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀዳዳ ነው። ያየው ሁሉ ምን እንደሚመስለው እኔ አልነግራችሁም።

"እኔ እሄዳለሁ" አለ።

"አብደሃል? ወንድ ሆነህ ይኼን ይዘህ? እኔ እሄዳለሁ!" አልኩት።

ብዙ ተከራከርን፤ በመጨረሻ እሺ አለ። ግን ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ። "ክፍት አድርገሽ ያዢው። ሠራተኞቹ ማኅተም ያለው ወረቀት ይሰጡሻል፤ የማሽን ዘንግ እንደሆነ ይጻፋል። ሲጠይቁሽ ወረቀቱን አሳዪ። ምንም አትደብቂ።" እሺ አልኩት። አፈር ልብላ፣ እሺ ያልኩት ከአንገት በላይ ነበር። እኔ እኮ የመርካቶ ልጅ ነኝ! ወረቀት አሳይቶ በሰላም ያለፈ ሰው አላውቅም። ከቤት ስወጣ የሩዋይዳን የድሮ አንቀልባ ከሣጥን አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የሕፃንነት ኮፍያዋንም።

ዘንጉን ከተቀበልኩ በኋላ አንዲት ጓደኛዬ ቤት ገብቼ በፎጣ ጠቀለልኩት፣ ጫፉ ላይ ኮፍያዋን አጠለቅኩ፣ በአንቀልባ አዘልኩት፣ ነጠላ ጣል አደረግሁበት። በመስታወት ሳየው ራሴን አደነቅኩ። አሥራ ሁለት ኪሎ ነው፤ ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ፤ ቢሆንም "ሕፃን ያዘለች እናት ማን ይፈትሻል?" እያልኩ ታክሲ ገባሁ። ከኬላው በፊት ሳንሱሲ የሚባለው ሠፈር ስንደርስ ደግሞ ሌላ ብልጠት መጣልኝ። ሕፃን ያዘለች ሴት የማሽን ወረቀት ቢገኝባት ምን ትላለች? አሰብኩና ወረቀቱን ቀዳድጄ በመስኮት በተንኩት።

አጠገቤ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። "ስንት ወሯ ነው?" አሉኝ።

"ሦስት" አልኩ።

"ምነው ድምጿ የለም?"

"አሟት ነው፣ ተኝታለች።"

"ወይኔ የኔ እናት፣ እግዜር ይማርልሽ" ብለው እጃቸውን ከነጠላው ሥር አስገብተው ሊዳስሷት ሞከሩ። እጃቸው በፎጣው ውስጥ አልፎ ብረቱ ላይ ሲያርፍ ታወቀኝ። ቀዝቃዛ፣ ደረቅ። ቀስ አድርገው መለሱት።  ዓይናቸውን ወደ መስኮት አዙረው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኔም ክው ብዬ ቀረሁ፤ አንድ ቃል ብናገር ሁሉ ነገር የሚፈርስ መሰለኝ።

ኬላው ጋ ወንዶቹ ወረዱ። አንድ ልጅ እግር ወታደር አንገቱን አስገብቶ አየን። ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።  "እናት፣ መስኮቱን ዝጊው እንጂ፣ ሕፃኗን ብርድ ይመታታል" አለኝና ራሱ እጁን ሰዶ ዘጋልኝ።  አሮጊቷ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወረዱ፤ ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም።

ቤት ገብቼ "ና ልጅህን ተቀበል!" ብዬ እየሳቅኩ ዞርኩለት። ኮፍያውን ሲያይ ይስቃል ብዬ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ወረቀቱስ?"

"ጣልኩት።"

ኡዘይር መሬት ላይ ቁጭ አለ። ስለ አሮጊቷም ነገርኩት፤ መቼም ከሱ ጋር ስኖር ትንሽ እውነት ለምዶብኛል።  ከዚያ "አሁኑኑ ኬላው ድረስ ሄጄ ራሴ ለወታደሮቹ እነግራቸዋለሁ። ዘንጉንም ይዤ እሄዳለሁ። ሌላ ሰው ከነገራቸው ግን አለቀልን" አለ።

ጮህኩበት። "ማን ይነግራቸዋል? አንዲት አሮጊት? በገዛ እግርህ ገደል ትገባለህ?" ጫማውን ነጥቄ ሱቅ ውስጥ ቆለፍኩበት። አዎ፣ ጫማውን! ሩዋይዳ ማልቀስ ስትጀምር እሱም ተወው፤ "እሺ፣ ጠዋት እሄዳለሁ" አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኛ ጋ ሲነጋ የመጣው ወታደር ነው።

ስድስት ነበሩ፤ ቤታችንን ማን እንደጠቆማቸው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም። አለቃቸው ረጅም፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ወዲያና ወዲህ ሳይል "ትናንት ሕፃን ልጅ አስመስላችሁ ያስገባችሁት የጠመንጃ አፈሙዝ የት አለ?" አለ።

ኡዘይር በባዶ እግሩ ቆሞ "አፈሙዝ አይደለም፣ ጌታዬ። የቶርኖ ዘንግ ነው። ይኸው" ብሎ አሳየው። አለቃው አንሥቶ በቀዳዳው ወደ ሰማይ አየበት። ወረቀት ጠየቀ፤ የለም። የፋቁልንን ሰዎች ስልክ አስደወለ፤ ዝግ ነው። አንዱ ወታደር የእጅ ሰንሰለት ከወገቡ ፈታ።

"የማሽን ከሆነ ማሽኑ ላይ ግጠመው" አለ አለቃው። "ከዞረ አምንሃለሁ። ካልዞረ ይዤህ እሄዳለሁ።"

ይኼን ማሽን እኮ ማንም ሲዞር አይቶት አያውቅም! እሱ ራሱ አላየውም! ኡዘይር ግን "እሺ፣ አንድ ሰዓት ስጡኝ። መዞሩን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ግን ልኩ ልክ ነው" አለ። ምናለ "ይዞራል" ቢል! በልቤ ረገምኩት።

ሥራውን ጀመረ።  ዘንጉን በዘይት አሸው፣ በነሐስ መቀመጫዎቹ ላይ አስተኛው፣ ክዳኖቹን ደፋባቸው፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አሰረ። ወታደሮቹ መጀመሪያ ደጅ ነበሩ፤ በኋላ አንድ በአንድ እየገቡ ዙሪያውን ቆሙ። ቺንጋውን አስገባ። ወደ ማብሪያው ሄደ። ቢስሚላህ አለና ጫነው።

ሞተሩ አጉረመረመ። አልዞረም። እንደገና ሞከረ፤ አጉረመረመ፣ የመቃጠል ሽታ ሸተተኝ፣ ቶሎ አጠፋው።

"በቃ፣ እሰረው" አለ አለቃው።

"ሲጋራ ይኖርዎታል?" አለው ኡዘይር።

አለቃው ተገረመ። "የመጨረሻ ሲጋራ እንድታጨስ ነው?"

"አላጨስም። ውስጡ ያለችውን ብልጭልጭ ወረቀት ነው የፈለግኩት። ክዳኑ አጥብቆ ይዞታል፣ የወረቀት ውፍረት ያህል ከፍ ማለት አለበት።"

አለቃው ትንሽ አየውና ፓኮውን ወረወረለት። ኡዘይር ብልጭልጩን አውጥቶ በመቀስ ቆራረጠ፣ ክዳኖቹን ፈታ፣ ከግራና ከቀኝ ሥራቸው እኩል አስገባ፣ መልሶ አሰረ። በእጁ ገፋ ሲያደርገው ዘንጉ ለስለስ ብሎ ዞረ። ማብሪያውን ጫነ።

ዞረ! ያ ዶሮ እንቁላል የጣለችበት ዝገት፣ ቀስ ብሎ ጀምሮ፣ ብረቱን የሚነክሰው ጭንቅላቱ ከፍጥነቱ የተነሣ እስከማይታይ ድረስ ዞረ። አንድ ቁራጭ ብረት አስነከሰው፣ ስለቱን አስጠጋ፣ ብረቱ እየተጠቀለለ ረጅም ልጣጭ ወረደ። አንዱ ወታደር "ወይ ጉድ!" አለ። አለቃው ጎንበስ ብሎ ልጣጩን ሲያነሣ ጣቱን አቃጠለው፤ ሳቅም መጣለት። እኔ አልሐምዱሊላህ ብዬ በሩ ላይ ተደገፍኩ። አለቀ ብዬ ነበር።

አላለቀም። አለቃው ጣቱን እየነፋ ቆሞ አሰበ። "እሺ፣ ማሽን ነው። ጥሩ። ታዲያ ማሽን ከሆነ ለምን ኮፍያ አድርጋችሁ አዘላችሁት? የኬላ ጥበቃ ያታለለ ሰው ነገ ሌላ ነገር ያዝላል። ለበላይ ሪፖርት ደርሷል፤ ባዶ እጄን አልመለስም። ይኼን ያሰበው ማነው? እሱን ይዤ ነው የምሄደው።"

ዓይኔን ወደ መሬት ሰበርኩ። በአጥሩ በኩል ኦቦ ዲሪርሳ ሰምተው ኖሮ በሩ ላይ ደርሰዋል፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። እሳቸው በዚያ ሰሞን ወታደር ፊት መቆም ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። "ነምኒ ኩን ነመ ዱጋቲ" አሉ፤ ከዚያ ለሁሉም እንዲገባ በአማርኛ ደገሙት። "ልጄ፣ ይኼ ሰው የእውነት ሰው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ጎረቤቴ ነው፤ አንድ ቀን ሲዋሽ አልሰማሁም። እሱን ጠይቀው፣ የሚልህን እመነው። እኔ ዋስ ነኝ።"

አለቃው ወደ ኡዘይር ዞረ። "ሰማህ? ሽማግሌው መስክረውልሃል። ንገረኝ። ማን ነው ያሰበው?"

ኡዘይር አየኝ። ዓይኔ ውስጥ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱ እኮ ሌላ ነገር አያውቅም! ልቤ ውስጥ ለሩዋይዳ ማን ፀጉሯን ይሠራላታል፣ ሱቁን ማን ይከፍታል እያልኩ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለ። "እኔ ነኝ ያዘዝኳት። አልፈልግም ብላ ነበር፤ አስገደድኳት።"

ድምፁ እንኳ አልተለወጠም። ኦቦ ዲሪርሳ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አመኑት። አለቃው አመነው። ሁሉም አመነው።

"ውሸት ነው!" ብዬ ጮህኩ። "እኔ ነኝ! ወረቀቱንም የጣልኩት እኔ ነኝ! እሱ ክፍት አድርገሽ ያዢው ብሎኛል! ጫማውንም የቆለፍኩበት እኔ ነኝ!" አለቃው እንደ መራራት ብሎ አየኝ። "እህቴ፣ ሁሉም ሚስት እንዲህ ትላለች" አለኝ። ሰንሰለቱን አሰሩለት። ሮጬ የሱቁን ቁልፍ ፈልጌ፣ ከፍቼ፣ ጫማውን ይዤ ስወጣ መኪናው ሄዷል።

ሁለት ወር ከአሥራ አንድ ቀን። የት እንዳለ ያወቅሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው። እየሄድኩ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ስል ጥበቃዎቹ ለመዱኝ፤ "ይቺ እኔ ነኝ ባይዋ መጣች" ይሉኝ ነበር። ኦቦ ዲሪርሳ ድንችና ጎመን በአጥሩ ላይ ያቀብሉኛል፤ እሳቸውን ደፍሬ እውነቱን ልነግራቸው አልቻልኩም፤ ዋስ የሆኑት በውሸት ላይ ነውና።

የካቲት መግቢያ ላይ ከስቶ፣ ፂሙ ሸብቶ መጣ። ሩዋይዳ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልላቀቅ አለች። ከተኛች በኋላ አጠገቡ ቁጭ ብዬ "ለምን ዋሸህ?" አልኩት።

"እኔ የገረመኝ ማመናቸው ነው" አለ። "ዕድሜዬን ሙሉ እውነት ስናገር ሰው ይጠራጠረኛል። አንድ ቀን ብዋሽ ሁሉም አመነኝ። ኦቦ ዲሪርሳ እንኳ።" ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። "ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። እሳቸውን ማታለሌ ከእስሩ በላይ ነው ያመመኝ።"

እኔ አላስቻለኝም። ጉልበቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። "ይቅር በለኝ፣ ኡዘይር። ይቅር ብለኸኛል?"

እጁን ራሴ ላይ አሳረፈ። ከዚያ እንደ ልማዱ አሰበበት።

"ገና ነኝ፣ ሬሑ" አለኝ።

ሌላዋ ሴት ብትሆን ይከፋት ይሆናል። እኔ ግን፣ ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚያች ቃል ደስ ያሰኘኝ የለም። የኔው ኡዘይር ተመልሶልኛል።